ፊደሉንና ፊቱን አትስጡት

በየሚዲያ ቡድኑ አንድ መልስ ተለምዷል። ፖስተሩ ላይ ያለው ጽሑፍ ለምን አይነበብም ብትሉ፣ ሥዕሉ ላይ ያሉት ልጆች የማን ልጆች ናቸው ብትሉ፣ ባነሩ ለምን ደበዘዘ ብትሉ መልሱ ያው ነው፤ «ነጻ አፕ ነው እኮ! በነጻ ተሠርቶ ምን ይጎድላል?» ወዳጆቼ፣ ይህ ጽሑፍ ከዚህ መልስ ጋር የሚደረግ ሙግት ነው። ይጎድላል። የሚጎድለው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከእኛ ኪስ አይደለም፤ ፖስተሩን ከሚያነብበው ሰውና ፖስተሩ ላይ ከሚታየው ሰው ነው።

አስቀድሜ አንድ ነገር ላጥራ። የሰው ሠራሽ አስተውሎት አፕ ሁሉ ይወገድ ከሚሉት ወገን አይደለሁም። ፎቶሾፕ የሚችል አንድ ወንድም ብቻ በነበረበት ዘመን የወጣቶች ኮንፈረንስ ፖስተር የሚወጣው እሱ ሲመቸው ነበር፤ እሱን ፈተና ከያዘው ፖስተሩንም ፈተና ይይዘዋል። ዛሬ ስልክ ያላት የ16 ዓመት ልጅ በአንድ ከሰዓት በኋላ ንጹሕ ሥራ ታወጣለች። ካንቫ እ.ኤ.አ. በ2013 ከአውስትራሊያ ሲነሣ የያዘው ሐሳብ ይኸው ነበር፤ ዲዛይን ያልተማረ ሰውም ይሥራ የሚል። መልካም ሐሳብ ነው፤ ማንም አይንጠቃችሁ።

የእኔ ክርክር ጠባብ ነው። ለአፑ ቀለሙን ስጡት፣ ጀርባውን ስጡት፣ የአበባውን ሐረግ፣ የብርሃኑን ጨረር፣ የገጹን አቀማመጥ ስጡት። ፊደሉንና ፊቱን ግን አትስጡት።

ከፊደሉ ልጀምር። ሥዕል አመንጪ አፕን «ኑ፣ አብረን እናምልክ ብለህ ጻፍ» ብላችሁ ስታዝዙት አይጽፍም፤ ይሥላል። ኪቦርድ ላይ «ኑ»ን ስትነኩ ስልካችሁ የሚያውቀው አንድ የተወሰነ ፊደል ነው። የእኛ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ከገባ ወዲህ እያንዳንዱ ሆሄ የራሱ መለያ ቁጥር አለው። ሥዕል አመንጪው ግን በዚህ ቁጥር አይሠራም። ብዙዎቹ ሥራቸውን የሚጀምሩት በዘፈቀደ ከተበተነ ነጠብጣብ ነው፤ ከዚያም ከመግለጫ ጋር ከተማሯቸው እጅግ ብዙ ምስሎች ባካበቱት ልምድ ነጠብጣቡን ደረጃ በደረጃ እያጠሩ ሥዕል ያወጣሉ። በተማሯቸው ምስሎች ውስጥ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ሞልቶ ተርፏል፤ የአማርኛው ከዓባይ በጭልፋ ነው። ስለዚህ ብዙ ጊዜ የሚሰጧችሁ ፊደል ሳይሆን ፊደል የሚመስል ነገር ነው።

የእኛ ፊደል ደግሞ ስሕተት አይችልም። ትንሿ ጭረት ድምፅ ትለውጣለች። «ነ» ላይ አንዲት መስመር ብትጨመር «ኘ» ሆነች፤ የ«ኑ» ወገብ ላይ ያለችው ቅጥያ ወደ እግሯ ብትወርድ «ኒ» ሆነች። «ተ» እና «ቸ»፣ «ደ» እና «ጀ» የሚለያዩት አናታቸው ላይ ባለ ትንሽ ነገር ነው። የላቲን ፊደል ትንሽ ቢጣመም አብዛኛውን ጊዜ ያው ፊደል ነው፤ የእኛው ሲጣመም ሌላ ፊደል ይሆናል፤ ወይም ከነጭራሹ የሌለ ፊደል።

በቅርብ ዓመታት የወጡት ሞዴሎች በጽሑፍ በኩል ብዙ ተሻሽለዋል፤ ይህን አልክድም። እንዲያውም አደጋው እዚህ ላይ ነው። ቀድሞ ጽሑፉ በሙሉ የተበላሸ ስለነበር ማንም ያየው ነበር። አሁን ከ12 ፊደል 11ዱ ልክ ሆነው ሲመጡ፣ የሠራችው ልጅ ዐረፍተ ነገሩ ምን እንደሚል አስቀድማ ስለምታውቅ ዐይኗ 12ኛውን ዘልሎት ያልፋል። ቡድኑም በቴሌግራም ተልኮለት አውራ ጣቱን ያነሣል። ስሕተቱ የሚታየው በር ላይ ከተሰቀለ በኋላ ነው።

«ሰው ገምቶ ያነብበዋል» የሚሉ አሉ። እስቲ ማን እንደሚገምት አስቡ። እናንተ ትገምታላችሁ፤ በፍጥነት ስለምታነብቡ ግማሹን ፊደል አታዩትምና። በመሠረተ ትምህርት ዘመን ፊደል የቆጠሩ እናት ግን እንዲህ አያነብቡም። ጣታቸውን እያስኬዱ፣ ሆሄ በሆሄ፣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ነው። የተበላሸው ፊደል ላይ ሲደርሱ «አፑ ተሳስቷል» አይሉም፤ «ዐይኔ ደከመ» ወይም «ረሳሁት መሰለኝ» ብለው ይተዉታል። ጥፋቱን በራሳቸው ላይ ያደርጋሉ። በዋሽንግተን ወይም በስቶክሆልም ተወልዶ ቅዳሜ ቅዳሜ «ሀ ሁ» የሚቆጥር ልጅም እንደዚያው ነው፤ ለእሱ አዳራሹ በር ላይ ያለው ፖስተር ከክፍሉ ውጪ የሚያገኘው ብቸኛ የአማርኛ ጽሑፍ ሊሆን ይችላል። እነዚህን ሁለት አንባቢዎች ያደናቀፈ ፖስተር ቀለሙ ቢያምር ምን ዋጋ አለው?

መፍትሔው ገንዘብ አይጠይቅም። አፑን ሥዕሉን ብቻ እንዲሠራ እዘዙት፤ ምንም ጽሑፍ እንዳይኖርበት በግልጽ ንገሩት። ጽሑፉን በኋላ በእውነተኛ ፎንት፣ በኪቦርድ፣ በእጃችሁ ጻፉ። አቢሲኒካ ኤስአይኤል እና የኖቶ የኢትዮጵያ ፊደል ፎንቶች በነጻ ፈቃድ የተለቀቁ ናቸው፤ ለኅትመትም መጠቀም ትችላላችሁ። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። በዲዛይን አፖች ውስጥ ከተደረደሩት ፎንቶች አብዛኞቹ የእኛን ፊደል አልያዙም። ያማረውን ትመርጣላችሁ፤ አማርኛው ግን ወይ ንቅንቅ አይልም ወይ ባዶ ሣጥን ይሆናል። የራስን ፎንት መጫን ደግሞ በካንቫ የከፋዮች መብት ነው። መውጫው ኢንክስኬፕ ነው፤ ነጻ ነው፣ ከወረደ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ርእሱን እዚያ ጻፉት፣ ጀርባ በሌለው ምስል አውጡት፣ ከዚያ ካንቫ ውስጥ እንደ ሥዕል አስገቡት። ሩብ ሰዓት ቢወስድ ነው። ፊደሉን ከማውጣታችሁ በፊት ግን ሁለት ጊዜ አንብቡት፤ ምስል ከሆነ በኋላ ሆሄ መለወጥ አይቻልም።

በነገራችን ላይ ሰዓቱንም ራሳችሁ ጻፉት። «ጠዋት 3 ሰዓት» ያላችሁትን ቃል በቃል ወደ እንግሊዝኛው ወስዶ፣ ምእመኑን በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 9 ሰዓት ሊጠራ የሚችል መሣሪያ ነው። ሌሊት 9 ሰዓት የሚገናኝ የጸሎት ቡድን ካላችሁ ግን አትቸገሩም።

አሁን «ነጻ» ወደሚለው ቃል ልምጣ። አንድ አፕ የሚሰጣችሁን ማስታወቂያው ይነግራችኋል፤ እናንተ የምትፈትሹት የሚከለክላችሁን ነው። በካንቫ ነጻ ክፍል ጀርባ ማጥፊያው ተቆልፏል፤ ምስልን ያለ ጀርባ ማውረድም፣ ለማተሚያ ቤት የሚስማማውን ባለ አራት ቀለም ፋይል ማውጣትም እንዲሁ። ሥዕል የማመንጨት ዕድሉ በቁጥር የተገደበ ነው። አዶቤ ኤክስፕረስም ለነጻ ተጠቃሚ የሚሰጠው ዕድል የተወሰነ ነው። ሚድጆርኒ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2023 ነጻ ሙከራውን ሲያቆም በእሱ ላይ የተመኩ ሰዎች መንገድ ላይ ቀሩ። አይዲዮግራም በነጻው ክፍል የምታመነጩትን ለሌሎች ተጠቃሚዎችም እንዲታይ ያደርጋል። የአበባ ሥዕል ከሆነ ማንም ቢያየው ግድ የለም፤ የሰንበት ትምህርት ልጆችን ፎቶ አስገብታችሁበት ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ደንቦቹ በየጊዜው ስለሚለዋወጡ ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት ገጻቸውን አንብቡ።

ስለ ኅትመት ደግሞ አንድ ሒሳብ አብረን እንሥራ፤ ብዙ የቡድን ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ነውና። ነጻ ሥዕል አመንጪዎች ብዙ ጊዜ የሚሰጡት ምስል ወርዱም ቁመቱም 1024 ፒክስል ነው። ስልክ ላይ ያምራል። ማተሚያ ቤት ለጥራት የሚፈልገው በአንድ ኢንች 300 ፒክስል ነው። 1024ን ለ300 ብታካፍሉት 3.4 ኢንች፣ ማለትም 8.7 ሳንቲ ሜትር ገደማ ታገኛላችሁ። ይህ የሻይ ብርጭቆ ማስቀመጫ እንጂ ፖስተር አይደለም። ኤ3 ወረቀት ላይ ብትለጥጡት በኢንች 90 እንኳ አይሞላም፤ 2 ሜትር ባነር ላይ ደግሞ 13 ብቻ ይሆናል። ባነር ከሩቅ ስለሚታይ ብዙ ይቻላል፤ 13 ግን ከሩቅም ያሳፍራል። ቀለሙም ከስክሪኑ ጋር አይገጥምም፤ ስክሪን በብርሃን፣ ማተሚያ በቀለም ስለሚሠራ ያ የሚያንጸባርቅ ሰማያዊ ወረቀት ላይ ሲወርድ ይደፈዝዛል። «ማተሚያ ቤቱ አበላሸው» ከማለታችሁ በፊት የሰጣችሁትን ፋይል መጠን ተመልከቱ። ጽሑፉን በእውነተኛ ፎንት ጽፋችሁ በፒዲኤፍ ካወጣችሁት ሥዕሉ ቢደበዝዝ እንኳ ፊደሉ ጥርት ብሎ ይወጣል፤ ፊደሉን አትስጡት የምለው ለዚህም ነው። በኢንክስኬፕ ያወጣችሁትን ርእስ ግን በሚታተምበት መጠን በትልቁ አውጡት።

ከዚህ ጋር ዝም ብዬ የማላልፈው አንድ ልማድ አለ። ቁልፉን ለመክፈት በቴሌግራም በትንሽ ብር የሚሸጥ «የዓመት ፕሮ» ገዝታችሁ የማታውቁት ሰው ቡድን ውስጥ የምትገቡ አላችሁ። ወይም የተሰበረ አፕ ከቻናል ታወርዳላችሁ። የውጭ ካርድ ማግኘት እንዴት እንደሚያስቸግር አውቃለሁ፤ ሰበብ ብቻ አይደለም። ነገር ግን ሌላ ሰው በሚያስተዳድረው ቡድን ውስጥ የሠራችሁት ሥራ በእሱ እጅ ነው፤ ሲያባርራችሁ ሥራው እዚያው ይቀራል፤ የሦስት ዓመት የኅብረቱ ሥራ በአንድ ቀን። የተሰበረውን አፕ ማን እንደሰበረው፣ ውስጡ ምን እንደጨመረበት አታውቁም፤ የሚጫነው ደግሞ የኅብረቱ ገንዘብ ያዥ የባንክ አፕ ባለበት ስልክ ላይ ሊሆን ይችላል። ይህ ነጻ አይደለም፤ ርካሽም አይደለም። ስሙን በትክክል የምንጠራው ከሆነ ደግሞ ያልተከፈለበትን ዕቃ መውሰድ ነው። ጊምፕና ኢንክስኬፕ በሕጋዊ መንገድ ነጻ ሆነው ቁጭ ብለዋል።

ወደ ፊቱ ልምጣ፤ ጽሑፉን የጀመርኩት በዋናነት ለዚህ ነው።

ለተፈናቀሉ ወገኖች ልብስና ምግብ ለማሰባሰብ ፖስተር ትሠራላችሁ እንበል። ፎቶ የላችሁም። አፑን «የምታለቅስ ኢትዮጵያዊት ሕፃን» ብላችሁ ታዝዙታላችሁ፤ በአንድ ደቂቃ ውስጥ እንባዋ ጉንጯ ላይ የቆመ፣ ዐይኖቿ ልብ የሚሰብሩ ልጅ ትመጣለች። ፖስተሩ ይወጣል፤ ሰው ይሰጣል። ያቺ ልጅ ግን የለችም። አልተፈናቀለችም፣ አልተራበችም፣ አልተወለደችም። ከአዳራሹ ጀርባ የተቀመጡት ባለ ጡረታ አባት ከጡረታቸው ቀንሰው የሰጡት እሷን አይተው ነው። ልብሱ በእርግጥ ለተፈናቀሉት ይደርሳል ትሉኝ ይሆናል፤ ይድረስ። ያሳየናቸው ግን ሐሰት ነው፤ በሐሰት ስለ መመስከር የተማርነውም ዓላማው ጥሩ ከሆነ ይፈቀዳል የሚል አንቀጽ የለውም።

ከእኛ በጣም የሚበልጥ ልምድ ያለው ድርጅት በዚህ ተሰናክሏል። አምነስቲ ኢንተርናሽናል እ.ኤ.አ. በ2023 የኮሎምቢያን የ2021 ተቃውሞ ለማስታወስ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተሠሩ ምስሎችን አወጣ። በአንዱ ላይ ፖሊሶች አንዲት ሴት ይጎትታሉ። ከሴቲቱ ጋር ያለው የኮሎምቢያ ባንዲራ ቀለማቱ ትክክል ሆነው ቅደም ተከተላቸው ተዛብቶ ነበር። ድርጅቱ ያቀረበው ምክንያት እውነተኞቹ ተቃዋሚዎች በፎቶ ታውቀው እንዳይጠቁ የሚል ነበር። የፎቶ ጋዜጠኞችና ሌሎችም ተቹት፤ ምስሎቹንም አወረደ። ልብ በሉ፤ ፖሊሶቹ የፈጸሙት በደል እውነት ነበር፤ ድርጅቱም ሰነድ ይዞ ነበር። የውሸት ምስል የጨመረው ነገር ቢኖር በደሉን ለሚክዱ ሰዎች መያዣ ብቻ ነው። የእኛም የእርዳታ ፖስተር እንዲሁ ነው። አንድ ሰው ጣቶቿን ቆጥሮ ስድስት ቢያገኝ፣ በሚቀጥለው ጊዜ እውነተኛውን ፎቶ ስናሳየው ምን ይላል?

ምክንያታቸውን ግን ችላ አልለውም፤ ከባድ ምክንያት ነው። የተቸገረን ልጅ ፊት በየግድግዳው መለጠፍ ልጁን ማዋረድ ነው። በዓረብ አገር ሰው ቤት የምትሠራ እህታችን በኅብረት ጸሎት ላይ የተነሣችው ፎቶ ፖስተር ላይ ቢወጣ እንጀራዋን ሊያሳጣት ይችላል። እውነተኛውን ፊት አለመጠቀም ብዙ ጊዜ ትክክል ነው። ከዚያ በመነሣት የሐሰት ፊት እንፍጠር ማለት ግን አይከተልም። እጆችን አንሡ። የተጫነ የልብስ ከረጢት አንሡ። በር ላይ የተደረደሩ ጫማዎችን፣ ጀርባዋን የሰጠች እናት፣ ባዶ የውኃ ጀሪካን አንሡ፤ እውነተኛ ሆኖ ማንንም የማያጋልጥ ፎቶ ሞልቷል። ወይም ፊት ከሌለ ይቅር፤ በትልቅ ፊደል የተጻፈ አንድ እውነተኛ ዐረፍተ ነገር፣ «240 ቤተሰብ ብርድ ልብስ ይፈልጋል» የሚል፣ ቁጥሩ ትክክል እስከሆነ ድረስ ራሱ ይናገራል።

«ሠዓሊም እኮ የሌለ ሰው ይሥላል» የሚለኝ ይኖራል። ይሥላል፤ ሥዕል መሆኑን ግን አይደብቅም። የተረት ምሳሌ ለማስረዳት አፑ በውኃ ቀለም የተሣለ የሚመስል እረኛ ቢያወጣላችሁ ማንም አይታለልም። ጥሌ ፎቶ መስሎ ከሚመጣው ጋር ነው። እዚያም ቢሆን ዝርዝሩን ተመልከቱ፤ ማሲንቆ ባለ አንድ አውታር መሆኑን የማያውቅ መሣሪያ አራት አውታር አድርጎ ቢያስይዘው፣ ጥበቡን ትርጉም በሌለው ጥልፍ ቢሞላው አያፍርም። የሚያፍሩት እናንተ ናችሁ።

ከሁሉ የሚከፋው ግን «ፎቶ ማጥሪያው» ነው። በኅብረቱ ለዓመታት ያገለገሉ አባት ያርፋሉ። ያለው ፎቶ አንድ ነው፤ ትንሽ፣ የደበዘዘ፣ ከቡድን ፎቶ የተቆረጠ። የመታሰቢያ ባነር ሊሠራ ነውና አፑ ውስጥ ይገባል፤ ጥርት ብሎ ይወጣል፤ ሽፋሽፍቱ ሳይቀር ይቆጠራል። ሁሉም «ዋው» ይላል። አፑ ግን ፎቶው ውስጥ የሌለውን ከየትም አላመጣውም፤ ገምቶ ሞላው። ዐይኑ የሌላ ሰው ነው፤ የጉንጫቸው ጠባሳ እንደ ቆሻሻ ተቆጥሮ ጠፍቷል። ባለቤታቸው ባነሩ ፊት ቆመው ያያሉ። ሁሉ ሰው እያመሰገነ ስለሆነ «እሱ አይመስልም» ለማለት ይከብዳቸዋል። የ40 ዓመት ባላቸውን ፊት ነው የለወጥንባቸው፤ በመጨረሻው ቀን፣ በ2 ሜትር ባነር ላይ። የደበዘዘውን ፎቶ በትንሹ፣ በነጭ ሰፊ ጠርዝ መካከል አድርጉት። ድብዛዜው አያሳፍርም፤ ያ ፎቶ የተነሣበት ዘመን ካሜራ እንደዚያ ነበር።

ፌስቡክ ላይ እ.ኤ.አ. በ2024 ከሽሪምፕ አካል የተሠራ የኢየሱስ ምስል እየተለጠፈ ብዙ ሰው ከሥሩ «አሜን» ሲል ነበር። ሣቅን፤ እንዴት ይታለላሉ ብለን። የእኛም ገጽ ላይ ግን የሌሉ መዘምራን በሌለ አዳራሽ እጃቸውን አንሥተው ሲታዩ ከሥሩ ያለው ቃል ያው «አሜን» ነው።

የኅብረታችሁን ዓርማ በዚህ መንገድ ለመሥራት ካሰባችሁ ደግሞ አንድ ነገር እወቁ። የአሜሪካ የቅጂ መብት ቢሮ ሰው ያልፈጠረውን፣ መሣሪያ ብቻውን ያመነጨውን ሥራ አይመዘግብም፤ የዚያው አገር ፍርድ ቤቶችም ይህን አጽንተዋል። ተመሳሳይ ትእዛዝ የሰጠ ሌላ ቡድን ተመሳሳይ ርግብ ሊያገኝ ይችላል፤ የእኛ ነው የምትሉበት መሠረት ግን የላችሁም። ዓርማ በእርሳስ ይጀመር። በየኅብረቱ የስብከት ማስታወሻው ጠርዝ ላይ የምትሥል አንዲት ልጅ አትጠፋም። አፑ ከመጣ ወዲህ ማንም አልጠየቃትም።

የመጨረሻው ሰበብ «ጊዜ የለም» ነው፤ ይህን የሚሉት ደግሞ ብዙ ጊዜ ዲዛይን የሚሠሩት ሳይሆኑ የሚያዝዙት ናቸው። ሐሙስ ማታ 3 ሰዓት ላይ «ለእሑድ ፖስተር ትደርሺልን?» የሚል መልእክት የሚልክ የኮሚቴ ሰብሳቢ የሐሰት ፊት ሊመጣለት ቢፈልግም ባይፈልግም ይመጣለታል፤ ልጅቱ ሌላ ምርጫ የላትም። ሰብሳቢዎች ሆይ፣ የኮንፈረንሱ ቀን ከሁለት ወር በፊት ነው የተወሰነው፤ ቃለ ጉባኤው ላይ አለ። ለእሷም ያን ቀን ንገሯት። ጽሑፉን አርማችሁ ስጧት፣ ስሞቹን ከነማዕረጋቸው አጣርታችሁ፣ ሰዓቱን ቆርጣችሁ። ከዚያ ሥራው ሲያልቅ በኤ4 አትሙትና ከአዳራሹ ሲወጡ ለአንዲት እናት ስጧቸው፤ «እማማ፣ እስቲ ጮክ ብለው ያንብቡልን» በሏቸው። እርሳቸው የቆሙበት ሆሄ ላይ ምልክት አድርጉና ልጅቱን አርሚው በሏት፤ ማተሚያ ቤቱ ሰኞም ክፍት ነው።